ኪኒኑ ሳያልቅ፦ እንግሊዝ አገር የዘወትር መድኃኒት ስለማዘዝ

ለንደን የመጣሁ ሰሞን አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ደወለች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። "የት ነሽ?" ስትለኝ "ሰርጀሪ ነኝ" አልኳት። "በስመ አብ! ምንሽን ነው ኦፕራሲዮን የሚያደርጉሽ?" ብላ ጮኸች። እዚህ አገር ሰርጀሪ የሚሉት ጂፒ፣ ማለትም የሰፈር ሐኪም፣ የሚሠራበትን ክሊኒክ እንደሆነ እስካስረዳት ድረስ ስልኩ ዙሪያ ሦስት ዘመድ ተሰብስቦ ነበር።

ያን ቀን የሄድኩት ለግፊት ነው። መጀመሪያ አምሎዲፒን ታዘዘልኝ። በኋላ ሎሳርታን ተጨመረ። ዓመታት አልፈው እናቴም መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። እሷ ስኳርም፣ ግፊትም፣ ኮሌስትሮልም አለባት። ስለዚህ በየወሩ የሁለት ሰው መድኃኒት የማዘው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተሳስቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሰዎች ያንኑ ስህተት ሲደግሙ ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው።

አገር ቤት የለመድነው ሌላ ነው። የግፊት ኪኒን ሲያልቅ ባዶ ካርቶኑን ይዞ ከነማ ወይም ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት መሄድ ነው። ካለ ይሰጡሃል፣ ከሌለ ቀጣዩን ቤት ትሞክራለህ። እኔም ባዶ ካርቶኔን ይዤ እዚህ ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቷ ካርቶኑን አገላብጣ አየችና "ሰርጀሪሽ ጋ አዘሻል?" አለችኝ። እኔ እኮ አሁን እያዘዝኩ መስሎኝ ነበር።

ሪፒት የሚባለው ሐኪሙ በየወሩ ሳያያችሁ እንድትወስዱት የፈቀደላችሁ መድኃኒት ነው። ዝርዝሩ ሰርጀሪው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ግን በራሱ አይመጣም። በየጊዜው "አሁን ስጡኝ" ብላችሁ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀን ይሰጣል፣ ለ56 ቀን የሚሰጡም አሉ። ለሳል ወይም ለቁስል አንዴ የታዘዘ ነገር ግን ሪፒት ውስጥ የለም። እሱን እንደገና ከፈለጋችሁ ሐኪም ማነጋገር ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ብዙ እንግልት ይቀርልኝ ነበር። ጥያቄያችሁ በሦስት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ሰርጀሪው ይቀበለዋል። ከዚያ ሐኪም ወይም ሌላ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አይቶ ይፈርምበታል። የተፈረመው በኮምፒውተር ወደ መረጣችሁት ፋርማሲ ይሄዳል፣ ፋርማሲው ደግሞ ቆጥሮ ያዘጋጃል። ሰርጀሪዎች ብዙውን ጊዜ "ሁለት የሥራ ቀን" ይላሉ። ይህ ግን የእነሱ ድርሻ ብቻ ነው። የፋርማሲው ቀን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም። የባንክ ሆሊደይ የሚሉት የሕዝብ በዓልም አይቆጠርም።

እኔን ጉድ የሠራኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ዋለ። የኛ ፋሲካ በእነሱ ሜይ 5 ስለነበር እኔ ገና ሁዳዴ መሐል ነኝ። ስለ ፋሲካ ማን ያስባል? ረቡዕ ማታ ማርች 27 ከሥራ ገብቼ መድኃኒቴን ሳይ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አዘዝኩ። በልቤ "ሁለት የሥራ ቀን፣ ዓርብ እቀበላለሁ" ብያለሁ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ዝግ። ሰኞም የፋሲካ ማግስት፣ ዝግ። ሁለተኛው የሥራ ቀን ማክሰኞ ሆነ ማለት ነው። ዓርብ የመጨረሻዋን ኪኒን ውጬ ለሰርጀሪው ብደውል የተቀዳ ድምፅ መለሰልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የሥራ ጓደኛዬ "111 አትሞክሪም?" አለችኝ። 111 የጤና ምክር መስመር ነው፣ በስልክም በኢንተርኔትም ማግኘት ይቻላል። የዘወትር መድኃኒት አልቆብኛል ስትሉ የመድኃኒቱን ስም ይጠይቁና ክፍት ወደሆነ ፋርማሲ ይልኳችኋል። ፋርማሲስቱ መዝገባችሁን አይቶ ለጊዜው የሚሆን መስጠት ይችላል። እኔም የጥቂት ቀን ተሰጠኝ። በዚያን ጊዜ ክፍያው ለአንድ ዓይነት መድኃኒት 9.65 ፓውንድ ነበር፣ ለሁለቱ 19.30 ከፈልኩ። በሳምንቱ ዋናው ሲመጣ ደግሞ ሌላ 19.30። ሐኪም ሳያዝ ፋርማሲስቱ የማይሰጣቸው መድኃኒቶችም አሉ። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ ኪኒን የመሳሰሉት ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። ስለዚህ 111 አለ ብላችሁ አትዘናጉ።

ከዚያ ወዲህ የማዘው አሥር ቀን ሲቀረኝ ነው። ሰባትም ይበቃል ይላሉ፣ እኔ አንዴ ስለተቃጠልኩ አሥር። ከዚያ በጣም ከቀደማችሁ ደግሞ "ገና ነው" ብለው ይመልሱታል። ታኅሣሥና ፋሲካ ሲመጣ የፈረንጁን ካሌንደር እዩ፤ የኛ ገና የእነሱ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ማዘዣው ልምጣ። ብዙ ሰርጀሪ ሪፒት በስልክ አይቀበልም። የመድኃኒት ስም በስልክ ሲነገር ስህተት ይበዛል ይላሉ፣ የኛን አነጋገር ጨምራችሁ አስቡት። ጠዋት 2 ሰዓት፣ በእነሱ 8 ሰዓት፣ መስመሩ ሲከፈት ተሰልፋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ "በስልክ አንቀበልም" መባል አለ። ደርሶብኛል። ወረቀት ግን አሁንም ይሠራል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣ ዝርዝር ያለበት ወረቀት አለ። የምትፈልጉት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ሰርጀሪው ሳጥን ውስጥ መጨመር ነው። ወረቀቱን አትጣሉት።

እኔ የምጠቀመው የኤን ኤች ኤስን፣ ማለትም የመንግሥት ጤና አገልግሎቱን፣ አፕ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጂፒ ጋ ተመዝግባችሁ ከሆነና 13 ዓመት ከሞላችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ፎቶ አንስታችሁ፣ ፊታችሁን በአጭር ቪዲዮ ቀርጻችሁ ትልካላችሁ። ቪዲዮው እኔን ሁለት ጊዜ አልቀበል ብሎኝ ነበር። ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ መስኮት አጠገብ ስቆም አለፈ። ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። የመድኃኒት ዝርዝራችሁ ይመጣል፣ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ፣ የፋርማሲው ስም ትክክል መሆኑን ታያላችሁ፣ ትልካላችሁ። የፋርማሲውን ስም ሳታዩ አትለፉ። ቤት ቀይረን ወደ ሌላ ሰፈር ስንሄድ ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒታችን ወደ ድሮው ሰፈር ሲላክ ነበር። እዚያው አፑ ላይ መቀየር ይቻላል።

አንድ ቃል ብቻ ተጠንቀቁ። አፑ "አፕሩቭድ" ካለ ሐኪሙ ፈርሟል ማለት ነው እንጂ ከረጢቱ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም። እናቴን በዚህ ቃል ሁለት ጊዜ በዝናብ ልኬአት "አልደረሰም" ተብላ ተመልሳለች። በሦስተኛው "አንቺው ሂጂ" አለችኝ። አሁን አንዳንድ ፋርማሲ ሲያዘጋጅ በአፑ ያሳውቃል፣ አንዳንዱ በስልክ መልእክት ይልካል። የእናንተው የትኛውን እንደሚያደርግ ጠይቁ። "አልመጣም" ከተባላችሁም ዝም ብላችሁ አትመለሱ። "ሰርጀሪው አልላከውም ወይስ እናንተ ጋ ደርሶ አልተዘጋጀም?" በሉ። ያ ጥያቄ የት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ካለዚያ ሰርጀሪው ወደ ፋርማሲ፣ ፋርማሲው ወደ ሰርጀሪ እንደ ኳስ ይቀባበሏችኋል።

የስማችን ነገር ደግሞ አለ። ፋርማሲ ከረጢቱን የሚደረድረው በመጨረሻው ስም ነው። ለኛ ያ የአባት ወይም የአያት ስም ነው። እናቴ ስሟን ስትጠየቅ የራሷን ብቻ ትናገራለች። ልጅቷ ፈልጋ ታጣለች። እኔና እሷ ደግሞ የመጨረሻ ስማችን አይገናኝም፣ የእሷ በአባቷ የእኔ በአባቴ ነዋ። ቤተሰብ መሆናችንን ከስማችን ማንም አያውቅም። ቀጥሎ የትውልድ ቀን ይጠይቃሉ። ወረቀቷ ላይ ጃንዋሪ 1 ነው የተጻፈው፣ እንደ ብዙዎቻችን። እሷ ግን የምታውቀው "የጥቅምት ሚካኤል ለት" ነው። አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ስሟ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ቀኑና ፖስት ኮዱ የተጻፈባት ትንሽ ካርድ አለች። ካርዷን ታሳያለች፣ መድኃኒቷን ትቀበላለች።

የወላጆቻችሁን መድኃኒት በራሳችሁ ስልክ ማዘዝም ትችላላችሁ። ሰርጀሪው ጋ ፎርም ይሞላል፣ እናት ወይም አባት ይፈቅዳሉ፣ ከዚያ በእናንተ አፕ ውስጥ ወደ እነሱ ስም መቀየር ይቻላል። እኔ ይህን ሳላውቅ በእናቴ ስም ኢሜይል ከፍቼ፣ የይለፍ ቃሉን ረስቼ፣ ስንቱን ጉድ አየሁ። ሪሴፕሽን ላይ "ለእናቴ እንዳዝላት ፎርም ስጡኝ" ማለት ብቻ ነበር።

አሁን እማዬ ታፍራለች እንጂ ስለ ቁም ሳጥኗ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ብርድ ልብስ ስፈልግ ሰባት ካርቶን ሜትፎርሚን፣ የስኳር መድኃኒቷን፣ አገኘሁ። ሳይከፈት። በየወሩ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሁሉ ምልክት ታደርጋለች፣ ኪኒኑን ግን በየቀኑ አትወስድም። "ለምን?" ስላት "ካላዘዝኩት ይሰርዙብኛል፣ ደግሞ ለአገር ቤት ሰው እልካለሁ" አለችኝ። የስንቶቻችን እናት እንዲህ እንደምታደርግ አላውቅም እንዳትሉኝ። ግን ሐኪሟ በየወሩ ስታዝ እያየ በትክክል እየወሰደች ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስኳሯ ባለመውረዱ መጠኑን ሊጨምርባት ነበር። የተረፈውን ፋርማሲ መለስኩት። ካርቶኑ ባይከፈትም አንዴ ከፋርማሲ ከወጣ ለሌላ ሰው አይሰጡትም፣ ያስወግዱታል። ሰባቱ ካርቶን ሲሄድ እማዬ ፊቷን አዙራ ነበር።

ለምን እንደማትወስድ ያወቅነው በኋላ ነው። ሆዷን ያማታል። እሷ ደግሞ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አትቀምስም፣ ኪኒኑን ግን ጠዋት በባዶ ሆድ ትውጠዋለች። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ለፋርማሲስቷ ስለ ጾሙ ነገርናት፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው የመውሰጃ ሰዓቷንና ዓይነቱን አስተካከሉላት። በራሳችሁ ሰዓት አትቀይሩ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ንገሯቸው። አይገርማቸውም፣ ከሙስሊሞች ረመዳን የተነሳ ጉዳዩን ያውቁታል። ሐኪም ጋ ስትገቡም እንግሊዝኛ ካስቸገረ በነጻ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙ ነው የሚጠየቀው። ልጅ እያስተረጎመ እናት ስለ ሆዷ ሙሉውን አትናገርም።

ሌላው ያስደነገጠኝ የኪኒኑ መልክ ነው። አንድ መድኃኒት ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል፣ ፋርማሲውም በየወሩ ያገኘውን ይሰጣል። አንዱ ወር ክብ፣ ሌላው ወር ረዘም ያለ፣ ካርቶኑም ሰማያዊ የነበረው አረንጓዴ። እማዬ ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሏት አሮጌውንም አዲሱንም አምሎዲፒን አብራ ስትውጥ ከረመች። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነው የነቃነው። አሁን ከረጢቱ ቤት እንደገባ ማርከር አነሳና ካርቶኑ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ "የግፊት፣ ጠዋት አንድ"። "የስኳር፣ ከምግብ ጋር"። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ አይከፈትም።

ከረጢቱ ውስጥ የጎደለ ነገር ካለ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ታገኛላችሁ። ኦዊንግ ይሉታል፣ ዕዳ አለብን እንደማለት ነው። 28 ታዞ 14 ብቻ ከነበራቸው ቀሪውን በሌላ ቀን ትወስዳላችሁ፣ ሁለተኛ አትከፍሉም። እዚያው ቆማችሁ ከረጢቱን ክፈቱ።

አንዳንዴ ያዘዛችሁት ይመለሳል፣ ወይም "ሪቪው"፣ እንደገና ይታይ እንደማለት፣ የሚል መልእክት ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ሰረዙብኝ ብዬ ተናድጄ ነበር። ነገሩ ሎሳርታን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ በደም ምርመራ መታየት አለበት፣ የእኔ ቀን አልፎ ነበር። የስኳር፣ የታይሮይድ መድኃኒትም እንዲሁ ምርመራ አለው። ቀኑ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በፊት ደሙን ሰጥታችሁ ከጠበቃችሁ መድኃኒቱ አይቋረጥም።

ገንዘቡ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2024 ሜይ ጀምሮ ለአንድ ዓይነት መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ነው፣ በ2025ም አልጨመሩበትም። ዕድሜው 60 የሞላ አይከፍልም። ነፍሰ ጡርና ከወለደች ዓመት ያልሞላት፣ የምስክር ወረቀቱን ካወጣች፣ አትከፍልም። ለስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በምንም ዕድሜ ቢሆን ነጻ ነው፤ በምግብ ብቻ የሚቆጣጠር ግን አይካተትም። የሚጥል በሽታ፣ ካንሰርና በመድኃኒት የሚታከም የታይሮይድ ማነስም እንዲሁ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድማችን ኢንሱሊን እየወሰደ ለዓመታት ከፍሏል። ማንም አልነገረውም። ኤፍ ፒ 92 ኤ የሚባለውን ፎርም ከሰርጀሪው ጠይቆ ሞላ፣ ካርዱ መጣለት፣ አሁን ለጉንፋን የሚታዘዝለትም ነጻ ነው። ካርዱ ከአምስት ዓመት በኋላ ጊዜው ያልፋል። ካለፈ በኋላ "ነጻ ነኝ" ብላችሁ ከፈረማችሁ እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት ሊመጣ ይችላል፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ሳይቆጠር።

ግፊት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለምን እንደሌለ የሚያሳምን ነገር ሰምቼ አላውቅም። እንደ እኔ የሚከፍል ሰው በቅድሚያ የሚከፈል ሰርተፊኬት ይግዛ። የዓመቱ 114.50 ፓውንድ ነው፣ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል። በዓመት የምትከፍሉባቸው መድኃኒቶች ተደምረው 12 ከሞሉ ያዋጣል። እኔ በወር ሁለት ስወስድ 237.60 ይሆንብኝ ነበር። ኤዲንብራ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ይስቅብኛል። ስኮትላንድ ከ2011፣ ዌልስ ከ2007፣ ሰሜን አየርላንድ ከ2010 ጀምሮ ለማንም በነጻ ነው።

አገር ቤት ስትሄዱ ትኬቱ እንደተቆረጠ ለሰርጀሪው ንገሩ። "ከዚህ እስከዚህ ቀን ኢትዮጵያ ነኝ" ብላችሁ ጻፉ። እስከ ሦስት ወር የሚበቃ ሊሰጡ ይችላሉ፣ ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ እዚያው መግዛት ነው። መድኃኒቱን በየካርቶኑ፣ ከማዘዣው ቅጂ ጋር፣ በእጅ ሻንጣ ያዙ። የእማዬ ሻንጣ አንዴ ከእኛ በኋላ በሦስት ቀኑ ነው ቦሌ የደረሰው። ደግነቱ ኪኒኑ ከእኔ ጋር ነበር፣ የዘገየው የእሷ ጫማና የሰው አደራ ነው።

ሕመማችሁ የተረጋጋ ከሆነ ሰርጀሪውን አንድ ነገር ጠይቁ። ሐኪሙ የብዙ ወር ማዘዣ አንድ ላይ ፈርሞ ለፋርማሲው የሚልክበት መንገድ አለ፣ እስከ 12 ወር ድረስ። በየወሩ ማዘዝ ይቀራል፣ በቀጥታ ፋርማሲ ሄዶ መቀበል ነው። የእኔ አሁን የስድስት ወር ነው። እዚህ አገር ከገባሁ እንደዚህ ያረፍኩበት ነገር ጥቂት ነው። ባለፈው ሳምንት ፋርማሲስቷ "ይህ የመጨረሻው ነው" አለችኝ፣ ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ደም ልሰጥ ቀጠሮ ይዣለሁ። የእማዬ ግን መጠኑ ገና ስለሚቀያየር አልፈቀዱላትም። እሷ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ካሌንደር እያየች "ስንት ቀረን?" ትለኛለች። ትናንት "አሥራ አንድ" አልኳት።

"እንግዲያው ነገ ነው" አለችኝ።